ኮምፒውተሩ አላረጀም፣ ዲስኩ ነው የደከመው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። ጋዜጣችሁን ለዓመታት ሳነብ ኖሬያለሁ። ደብዳቤ ስጽፍላችሁ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ያስነሳኝ በቴክኖሎጂ ገጻችሁ ላይ የወጣ አንድ ምክር ነው። ጸሐፊው አምስት ዓመት ያለፈውን ላፕቶፕ ለማሠራት መድከም ዋጋ የለውም፣ አዲስ መግዛት ነው የሚሻለው ብለዋል። የራሳቸውንም አሮጌ ላፕቶፕ መደርደሪያ ላይ አስቀምጠው አዲስ እንደገዙ ነግረውናል። በቅንነት እንደጻፉት አልጠራጠርም። ነገር ግን ይህን ምክር አምኖ ደህና ማሽን የሚጥል ሰው ይኖራል። ብዕር ያነሳሁት ያንን ሰው አስቤ ነው።

መተዳደሪያዬ ኮምፒውተር መጠገን ነው። ከጀመርኩ 17 ዓመት ሆነኝ። በእነዚህ ዓመታት ደጋግሜ የሰማሁት ቃል ቢኖር “አረጀብኝ” የሚለው ነው። ሰው ላፕቶፑን ጠረጴዛዬ ላይ ያስቀምጥና ስለታመመ ዘመድ እንደሚያወራ ሁሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ “አረጀብኝ መሰለኝ” ይለኛል። እኔም መልሼ እጠይቃለሁ። የሚዘገየው መቼ ነው? ገና ሲበራ? ፋይል ሲከፈት? ወይስ አንድ ሰዓት ከተሠራበት በኋላ? መልሱ ግማሽ መንገድ ያደርሰኛል። ሲበራና ፋይል ሲከፈት የሚንቀረፈፍ ከሆነ ፋይሎቹ የሚቀመጡበትን ዲስክ እጠረጥራለሁ። ከቆየ በኋላ የሚግልና የሚንቀረፈፍ ከሆነ ማራገቢያውን አያለሁ። ብዙ ታብ ሲከፈት ብቻ ሃንግ የሚያደርግ ከሆነ ራሙ፣ ማለትም የተከፈቱ ፕሮግራሞች የሚሠሩበት ጊዜያዊ ማስታወሻ፣ አንሶታል። ሦስቱም የሚጠገኑ ናቸው።

በቅርቡ አንዲት መምህርት ይዘውት የመጡትን ላፕቶፕ ልንገራችሁ። ስምንት ዓመት አገልግሏቸዋል። የተማሪዎቻቸው ውጤት፣ የፈተና ጥያቄዎቻቸው፣ የልጆቻቸው ፎቶ ሁሉ እዚያው ውስጥ ነው ያለው። ጠዋት ጠዋት አብርተውት ሌላ ሥራ ሠርተው ይመለሳሉ። ሰዓት ይዤ ቆጠርኩ። ማብሪያውን ከተጫንኩበት ጊዜ አንስቶ አንድ ሰነድ ከፍቼ መጻፍ እስከምችል ድረስ ስድስት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ ፈጀ። ጆሮዬን አስጠግቼ ሳዳምጥ ከግራው እጅ ማሳረፊያ ሥር ቅርር፣ ቅርር የሚል ድምፅ አያቋርጥም። የማሽኑ ክፍሎች ምን ያህል እንደሚሠሩ የሚያሳየውን ታስክ ማናጀርን ከፈትኩ። የኮምፒውተሩ አንጎል የሆነው ፕሮሰሰር የሚሠራው በ9 በመቶ አቅሙ ነው። ዲስኩ ግን 100 በመቶ ላይ ተሰቅሎ አልወርድም ብሏል።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ጋ ነውና። ሀርድ ዲስክ ማለት የሚሽከረከር ሳህንና በላዩ ላይ ወዲያና ወዲህ የሚል ክንድ ነው። በብዙ ላፕቶፖች ውስጥ ያለው ሳህን በደቂቃ 5400 ጊዜ ይዞራል። በሰከንድ 90 ጊዜ መሆኑ ነው። ሲሰሙት ፈጣን ነው። አንድ ዙር ለመጨረስ ግን 11 ሚሊ ሰከንድ ይፈጅበታል። የተፈለገው መረጃ ከክንዱ ሥር እስኪደርስ በአማካይ ግማሽ ዙር ይጠበቃል። ከዚያ በፊት ክንዱ ራሱ ወደ ትክክለኛው መስመር እስኪሄድ ሌላ አሥር ሚሊ ሰከንድ ገደማ ያልፋል። እንግዲህ ደምሩት። ዲስኩ እዚህም እዚያም የተበታተኑ ትናንሽ ፋይሎችን ሲለቅም በሰከንድ መቶ ጊዜ መመላለስ እንኳን አይሆንለትም። ዊንዶውስ ሲነሳ የሚጠራው ደግሞ በሺዎች የሚቆጠሩ ትናንሽ ፋይሎችን ነው። በሰከንድ ቢሊዮን ጊዜ መቁጠር የሚችል ፕሮሰሰር እጁን አጣጥፎ ክንዱን ይጠብቃል።

ሀርድ ዲስክን የሚተካው ኤስኤስዲ ውስጥ ግን የሚሽከረከር ነገር የለም። መረጃው በቺፕ ላይ ነው የተቀመጠው። አንዱን ፋይል ለማግኘት የሚፈጅበት ከአንድ ሚሊ ሰከንድ አንድ አሥረኛው አካባቢ ነው። ሻጮች በካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጽፉት ሌላ ቁጥር ነው። ሳታ የሚባለው የተለመደው ኤስኤስዲ ትልቅ ፋይል ሲያነብ በሰከንድ 550 ሜጋ ባይት ገደማ ይደርሳል ይላሉ። እውነት ነው፣ አሮጌው ዲስክ መቶ ምናምን ላይ ነው የሚቀረው። ግን ትልቅ ፊልም በየደቂቃው የሚገለብጥ ሰው ጥቂት ነው። ማሽኑን ስታበሩ፣ ብሮውዘር ስትከፍቱ፣ ፎልደር ውስጥ ስትገቡ የምታዩት ለውጥ የሚመጣው ከትናንሾቹ ፋይሎች ነው። እዚያ ላይ ልዩነቱ አምስት እጥፍ ብቻ አይደለም። መቶ እጥፍ ይደርሳል፣ ከዚያም ያልፋል።

መምህርቷ ፈቀዱልኝና ላፕቶፑን ገለበጥኩት። አሥራ አንድ ብሎን ነበረው። ብሎን ስፈታ ሁልጊዜ ወረቀት ላይ የማሽኑን ቅርጽ ሥዬ እያንዳንዱን በወጣበት ቦታ አኖራለሁ። ለመጠንቀቅ ያህል ብቻ አይደለም። የፊተኞቹ ሁለት ብሎኖች ከሌሎቹ ያጥራሉ። ረጅሙን በአጭሩ ቦታ የመለሰ ሰው ኪቦርዱን ከሥር ይወጋዋል። እንዲህ ተወግተው የመጡ ማሽኖች አይቻለሁ። የጀርባው ክዳን ሲነሳ የማራገቢያው መውጫ ሙሉ በሙሉ ተደፍኗል። አቧራው ከመክረሙ የተነሳ ተጋግሮ ጨርቅ መስሏል። በመቆንጠጫ ይዤ ስስበው እንዳለ ተገንጥሎ ወጣ። በፕሮሰሰሩ ላይ የተቀባው ሙቀት አስተላላፊ ፔስት ደርቆ ሲነኩት ይፈረፈራል። በአልኮል ጠርጌ የስንዴ ቅንጣት የምታህል አዲስ ፔስት አደረግሁበት። ብዙ መቀባት አይጠቅምም።

ራሙ 4 ጊጋ ባይት ሲሆን አጠገቡ አንድ ባዶ ማስገቢያ አለ። ስምንት ዓመት ሙሉ ባዶውን የኖረ ማስገቢያ። እዚያ ላይ ሌላ 4 ጊጋ ባይት አስገባሁ። ይህን ራሳችሁ መሞከር ለምትፈልጉ አንድ ነገር ልበል። ዲዲአር3 እና ዲዲአር4 ራሞች አይተካኩም። መሐላቸው ላይ ያለችው ክፍተት ቦታዋ ስለሚለያይ አልገባም ካለ አትጫኑት። የዲዲአር3ም ቢሆን ሁለት ዓይነት አለው። በ1.5 ቮልት የሚሠራና በ1.35 ቮልት የሚሠራ። ብዙ ላፕቶፖች የኋለኛውን ብቻ ነው የሚቀበሉት። ከመግዛታችሁ በፊት ነባሩን አውጥታችሁ ላዩ ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ።

ዲስኩ ግን ከጠበቅኩት የባሰ ነበር። የጤና ምርመራ ሳደርግለት የማይነበቡ ቦታዎች ተገኙበት። እንዲህ ሲሆን ሥራ ሁሉ ይቆማል፣ መጀመሪያ ፋይሉ ይወጣል። ወደ አዲሱ ኤስኤስዲ መገልበጥ ጀመርኩ። በደህና ዲስክ ከአንድ ሰዓት ተኩል አያልፍም። ይህኛው ሌሊቱን ሙሉ ፈጀ። በየተወሰነ ጊዜ ይቆምና ያንኑ ቦታ ደጋግሞ ለማንበብ ይታገላል፣ ያቃስታል፣ ደግሞ ይቀጥላል። ጠዋት ስደርስ ጨርሷል። ከሁለት ፎቶዎች በስተቀር ሁሉም ተርፏል። ዝግተኛ ነው ተብሎ መደርደሪያ ላይ ቢቀመጥ ኖሮ ከጥቂት ወራት በኋላ ያ ዲስክ ላይነሳ ይችል ነበር። እነዚያ የልጆቻቸው ፎቶዎችም አብረው ሊቀሩ ይችሉ ነበር። ጸሐፊው ያላሰቡት ይህን ይመስለኛል።

መምህርቷ መጥተው ማብሪያውን ተጫኑ። እንደልማዳቸው መነጽራቸውን ለማውጣት ወደ ቦርሳቸው ዞሩ። ቀና ሲሉ ማሽኑ ተነስቶ ይጠብቃቸዋል። አሥራ ዘጠኝ ሰከንድ። “ይሄ የኔው ነው?” አሉኝ። የእርስዎ ነው አልኳቸው። ስማቸው የተጻፈባትን ከክዳኑ ላይ የተለጠፈች ወረቀት በጣታቸው ነካ አደረጉ።

ደስታው ግን አልዘለቀም። ምክንያቱ ሶፍትዌር ነው። ዊንዶውስ 10 እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ሲሆን መደበኛ ድጋፉ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ወደ ዊንዶውስ 11 ለመሻገር ማይክሮሶፍት ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደህንነት ቺፕ ይጠይቃል። ከኢንቴል ፕሮሰሰሮች ደግሞ በጥቅሉ የሚቀበለው ከስምንተኛው ትውልድ ጀምሮ ያሉትን ነው። የመምህርቷ ሰባተኛ ትውልድ ነው። በአንዲት ቁጥር ከበሩ ውጭ ቀረ። ቲፒኤም መጥፎ ነገር ነው አልልም። የይለፍ ቃልና የምስጢር ቁልፎች ከቫይረስ እንዲጠበቁ ይረዳል። ቢሆንም በ19 ሰከንድ የሚነሳ፣ የማይግል፣ ስክሪኑ ንጹሕ የሆነ ማሽን ፊቴ ተቀምጦ “አይሠራም” የሚል ጽሑፍ ሳይ ልቤ ይቆስላል። ማሽን ተበላሽቶ ሲሞት እቀበላለሁ። ጤነኛ ሆኖ ሳለ ሙት ሲባል ግን አልቀበልም።

ዊንዶውስ 10ን ይዞ መቆየት ለሚፈልግ ሰው ማይክሮሶፍት እስከ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 13 ቀን 2026 የሚዘልቅ ተጨማሪ የደህንነት አፕዴት አዘጋጅቷል። ይህ ቀን መግዣ ነው። እኔ ለመምህርቷ ያቀረብኩት ሌላውን መንገድ ነው፣ በዊንዶውስ ቦታ የሚጫነውን ሊነክስን። ሊነክስ እ.ኤ.አ. በ1991 ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የፊንላንድ ተማሪ የጀመረው ሲሆን ዛሬ የዓለም ሰርቨሮች አብዛኞቹ የሚሠሩበት ነው። አንድሮይድ ስልካችሁም ከውስጥ ሊነክስ ነው። ሊነክስ ሚንት የሚባለው ዓይነት ለዊንዶውስ ሰው አይከብድም። በ2 ጊጋ ባይት ራም ይነሳል፣ በ4 ደህና ይሠራል። ክፍያ የለውም። ሳትጭኑት በፊት ከፍላሽ ላይ አስነስታችሁ መሞከር ትችላላችሁ። ዋይፋዩ ሠራ? ድምፁ አለ? ፕሪንተሩን አየው? ይህን ሁሉ ዲስካችሁን ሳትነኩ ታዩታላችሁ።

ሁሉም ነገር ሰመረ ብዬ ግን አልዋሽም። የመምህርቷ የውጤት መመዝገቢያ በኤክሴል የተሠራና ማክሮ፣ ማለትም ሥራውን በራሱ የሚያከናውን ትንሽ ፕሮግራም፣ ያለበት ነበር። በሊነክስ ላይ በኤክሴል ቦታ በምንጠቀመው ሊብረ ኦፊስ ሲከፈት ሠንጠረዡ መጣ፣ ማክሮው ግን አልሠራም። አብረን ተቀምጠን ስሌቱን በተራ ፎርሙላ እንደገና ጻፍነው። ከሰዓት በኋላችንን በሙሉ ወሰደ። ሥራው በአንድ የተወሰነ የዊንዶውስ ፕሮግራም ላይ የተመሠረተ ሰው፣ ለምሳሌ ከባድ የዲዛይን ወይም የሒሳብ ሶፍትዌር የሚጠቀም፣ ሊነክስ ይበቃሃል ብዬ አልመክረውም። ለሚጽፍ፣ ለሚያነብ፣ ኢሜይል ለሚልክ፣ ቪዲዮ ለሚያይ ሰው ግን ይበቃል። አብዛኛው ሰው ደግሞ ይህን ነው የሚያደርገው።

አሁን ወደ ሌላው ማሽን ልምጣ። ከመምህርቷ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ አንድ ወጣት ተርጓሚ መጣ። ይዞት የመጣው ላፕቶፕ ሁለት ዓመት እንኳን አልሞላውም። ቀጭን፣ ቀላል፣ የሚያምር። በጸሐፊው ምክር ከሄድን “አዲስ” የሚባለው ይህ ነው። አንድ ጠዋት አልበራ አለው። የሦስት ወር የትርጉም ሥራው እዚያ ውስጥ ነበር። ባክአፕ፣ ማለትም ሌላ ቦታ የተቀመጠ ቅጂ፣ አልነበረውም። እኔም አይዞህ አልኩት። ማሽኑ ባይነሳም ዲስኩን አውጥተን ከሌላ ኮምፒውተር ጋር እናገናኘዋለን ብዬው ነበር። በአሮጌዎቹ ላፕቶፖች ይህ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።

ከፈትኩት። የሚወጣ ዲስክ የለውም። መረጃው የሚቀመጥባቸው ቺፖች ከማዘርቦርዱ፣ ከማሽኑ ዋና ሰሌዳ፣ ላይ ተበይደዋል። ራሙም ተበይዷል። ባትሪው በማጣበቂያ ተለጥፏል። ማዘርቦርዱ ካልተነሳ ፋይሉ የለም ማለት ነው። በማጉያ መነጽር እያየሁ ከቻርጀሩ መግቢያ አንስቶ ኤሌክትሪኩ የት እንደሚቆም ለካሁ። አንዲት የጣት ጥፍር ሩብ የማታህል ቺፕ ሾርት አድርጋለች። ቀየርኳት። ከእሷ ኋላ ያለውም ተቃጥሏል። ሁለት ቀን ታገልኩ፣ አልሆነልኝም። የሚበልጠኝ ባለሙያ ዘንድ ላክሁት፣ እሱም አልሆነለትም። ወጣቱ ሲሰማ አልተቆጣም። ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ዝም አለ። ከቆይታ በኋላ የጠየቀኝ “ምን ባደርግ ኖሮ ይተርፍ ነበር?” ብሎ ነው። ባክአፕ አልኩት። እውነት ነው፣ ግን ሙሉው እውነት አይደለም። ማሽኑ እንዲከፈት ተደርጎ ቢሠራ ኖሮም ይተርፍ ነበር። ያን ቀን ይህን አልነገርኩትም። ዛሬ እዚህ የምጽፈው ለእሱም ጭምር ነው።

ራምን በማዘርቦርድ ላይ መበየድ የዛሬ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው የመጀመሪያው ማክቡክ ኤር ራሙ የተበየደ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 ሬቲና ስክሪን ያለው ማክቡክ ፕሮ ሲመጣ ባትሪውም በማጣበቂያ ተለጠፈ። ሌሎቹም አምራቾች በየተራ ተከተሉ። የሚሰጡት ምክንያት አለ። የተበየደ ራም ቦታ ይቆጥባል፣ ኤሌክትሪክ የሚቆጥበው የራም ዓይነትም ለፕሮሰሰሩ ቀርቦ ሲቀመጥ በተሻለ ፍጥነት ይሠራል። ይህ ውሸት አይደለም። ብቸኛው መንገድ ግን አይደለም። የሜሞሪ ደረጃዎችን የሚያወጣው ጄዴክ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2023 ካም2 የተባለ ደረጃ አጽድቋል። ይህ ቀጭንና ፈጣን ሆኖ በብሎን የሚታሰር፣ የሚወጣና የሚገባ ራም ነው። ፍሬምወርክ የተባለው ኩባንያ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ማንም ሰው በአንድ ካቻቢቴ የሚፈታውን ቀጭን ላፕቶፕ እየሸጠ ነው። ሲፈለግ እንደሚቻል እነዚህ ያሳያሉ።

ስለ ባትሪም ልናገር፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚደናገረው በዚህ ነው። በሳምንት አንድ ሰው ቢያንስ “ታችፓዱ አልጫን አለኝ” ብሎ ይመጣል። ክሊክ አያደርግም፣ ወይም ከፍ ብሎ ቆሟል። ታችፓዱ ምንም አልሆነም። ከሥሩ ያለው ባትሪ አብጦ ወደ ላይ እየገፋው ነው። በሊቲየም ባትሪ ውስጥ ያለው ፈሳሽ በዕድሜና በሙቀት እየፈረሰ ጋዝ ይፈጥራል፣ መውጫ ስለሌለው ያብጣል። እባካችሁ ይህን ስታዩ በጉልበት አትጫኑት። ቻርጅ ማድረጉን አቁሙ፣ አጥፉት፣ ወደ ባለሙያ ውሰዱት። በሹል ነገር የተወጋ የሊቲየም ባትሪ እሳት ያነሳል።

ባትሪ ይደክማል፣ ያ ተፈጥሮው ነው። የሚጎዱት ሁለት ነገሮች ናቸው። ሙቀት፣ እና ሁልጊዜ 100 በመቶ ሞልቶ መዋል። ላፕቶፓችሁን ከቻርጀር የማትነቅሉ ከሆነ ብዙዎቹ ማሽኖች 80 በመቶ ላይ እንዲያቆም የሚያደርግ ማስተካከያ ስላላቸው እሱን አብሩት። የእኔ የሥራ ማሽን ከተገዛ ጀምሮ እንዲህ ነው የሚሠራው። ባትሪው አሁንም ደህና ነው።

ስልክ ላይ ይህ ጉዳይ የበለጠ ያማል። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ሳምሰንግ ጋላክሲ ኤስ5 ጀርባው በጥፍር ተከፍቶ ባትሪው ይቀየር ነበር። በዓመቱ የመጣው ኤስ6 ጀርባው በመስታወት ተዘጋ። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2017 ደግሞ አፕል ባትሪያቸው የደከመ አይፎኖችን በሶፍትዌር እንደሚያዘገይ አመነ። ምክንያቱ ስልኩ በድንገት እንዳይጠፋ ነው ብሏል። የምህንድስና መልስ ሆኖ ስሜት ይሰጣል። ግን ስንቱ ሰው ስልኬ አረጀ ብሎ አዲስ ገዝቶ ይሆን? የሚያስፈልገው አዲስ ባትሪ ብቻ ሆኖ ሳለ። ያኔ ነው “አረጀብኝ” የሚለውን ቃል ጨርሶ ማመን ያቆምኩት። የአውሮፓ ኅብረት ከፌብሩዋሪ 18 ቀን 2027 ጀምሮ በዕቃዎች ውስጥ ያሉ ተንቀሳቃሽ ባትሪዎችን ተጠቃሚው ራሱ አውጥቶ እንዲቀይራቸው የሚያስገድድ ደንብ አውጥቷል። ልዩ ሁኔታዎች አሉት፣ ቢሆንም እሰየው የሚያሰኝ ነው።

አዲስ መግዛት ክልክል ነው እያልኩ አይደለም። የሚገዛበት ጊዜ አለ። ሲገዛ ግን ሰው በተለጠፈ ስም እንዳይታለል። ስለ ፕሮሰሰሩ “አይ7 ነው” ይሉኛል ደንበኞቼ፣ ነገሩ እዚያ ላይ ያለቀ ይመስል። አይ7 ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። ከኋላው ያለውን ቁጥር አንብቡ። አይ5-8250ዩ ሲል 8ቱ ትውልዱ ነው፣ ፊደሉ ዩ ደግሞ ኤሌክትሪክ ቆጣቢ መሆኑን ይገልጻል። ይህ አይ5 አራት ኮር፣ ማለትም ጎን ለጎን የሚያሰሉ አራት ክፍሎች፣ አለው። ከእሱ በፊት የነበረው አይ5-7200ዩ ግን ሁለት ኮር ብቻ ነው ያለው። ሁለቱም አይ5 ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ2011 አካባቢ የመጣ የላፕቶፕ አይ7 ባለ ሁለት ኮር ሆኖ ልታገኙት ትችላላችሁ፣ ያ 8250ዩ ጥሎት ይሄዳል።

ከሁሉ በላይ ልቤን የሚነካው ግን ኢኤምኤምሲ የተባለ 64 ጊጋ ባይት ማስቀመጫ የተበየደባቸው ርካሽ ላፕቶፖች ናቸው። ወላጅ ለልጁ ትምህርት ብሎ ይገዛል። ዊንዶውስ ብቻውን ግማሹን ያህል ይይዛል። ጥቂት አፕዴት ሲመጣ ቦታ ያልቃል፣ ማሽኑ መተንፈስ ያቅተዋል። የሚጨመርበት ማስገቢያ ብዙውን ጊዜ የለውም። ወላጁ ገና ስድስት ወሩ ነው እያለ ይለምነኛል። ብዙ ላደርግለት የምችለው ነገር የለም። በተመሳሳይ ዋጋ ሦስትና አራት ዓመት የሠራ፣ የሚከፈት፣ ኤስኤስዲ ያለው የቢሮ ላፕቶፕ ቢገዛ ልጁ ዩኒቨርሲቲ እስኪጨርስ ያገለግለው ነበር።

ስለዚህ ለዝግጅት ክፍሉ አንድ ጥያቄ አለኝ። አዲስ ላፕቶፕና ስልክ ስታስተዋውቁ ውፍረቱን፣ ቀለሙን፣ የካሜራውን ሜጋ ፒክስል ትጽፋላችሁ። ጻፉ። ግን ሦስት መስመር ጨምሩበት። ራሙና ዲስኩ ይወጣሉ ወይስ የተበየዱ ናቸው? ባትሪው በተራ ካቻቢቴ ይቀየራል? አምራቹ የሶፍትዌር አፕዴት እስከ ስንት ዓመተ ምሕረት እሰጣለሁ ብሏል? እነዚህን ሦስቱን አንባቢ ሳይገዛ ቢያውቃቸው ከሁለት ዓመት በኋላ እኔ ጠረጴዛ ፊት ተቀምጦ ዝም አይልም።

ለጸሐፊውም አንድ ልመና አለኝ። ያ መደርደሪያ ላይ ያለውን ላፕቶፕ አንድ ጊዜ ያብሩት። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ይጫኑ፣ ታስክ ማናጀር ይከፈታል። ፐርፎርማንስ የሚለውን ሲነኩ በስተግራ ዲስክ የሚል ያገኛሉ፣ ከሥሩም ኤችዲዲ (ሀርድ ዲስክ ማለት ነው) ወይም ኤስኤስዲ ብሎ ይጽፋል። ኤችዲዲ ካለ በመጀመሪያ ፋይሎችዎን ወደ ሌላ ቦታ ይገልብጡ፣ ዛሬውኑ። ከዚያ አድራሻዬን ዝግጅት ክፍሉ ያውቀዋል። ይዘውት ይምጡ፣ አብረን እንከፍተዋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የኮምፒውተር ጥገና ባለሙያ የሆንኩ አንባቢያችሁ